ያውቁ ኖሯል? ተሞክሮ የሚያዝ ጥይት የለም

ጥይት የሚሞከረው ተተኩሶ ነው፤ የተተኮሰ ደግሞ አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ታዲያ ወገቡ ላይ ያለውን ጥይት ፈትኖት አያውቅም፤ የፈተነው ወንድሞቹን ነው። የወንድማማችነቱ ማስረጃ ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ዙር ቁጥር ነው። ነገሩ የገባቸው ተኳሾች አንድ ቁጥር ያላቸውን ካርቶኖች በዛ አድርገው ይገዙና ከፊሉን ተኩሰው ከፊሉን ያስቀምጣሉ።

«200 ተኩሼ አንድም አልከሸፈብኝም» የሚለው ኩራት በስሌት ሲታይ የሚያረጋግጠው ጥቂት እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? የስታቲስቲክስ ሰዎች ቀላል ዘዴ አላቸው፤ ያለ እንከን ላለፈው ብዛት 3ን ያካፍላሉ። 3 ለ200 ሲካፈል 1.5 በመቶ ይመጣል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚቻለው «ከ100 ጥይት የሚከሽፈው ከአንድ ተኩል አይበልጥም» ብቻ ነው። «ከ1,000 ከአንድ አይበልጥም» ለማለት 3,000 ጥይት መተኮስ ያስፈልጋል። የመከላከያ ጥይት ብዙ ጊዜ ከመለማመጃው በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚሸጥ ይህን የሚያደርግ ግለሰብ እምብዛም የለም። 200ው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሽጉጡና ያ የጥይት ዓይነት መስማማታቸውን ያሳያል።

ጥንቃቄ ራሱ ጥይት እንደሚገድልስ? በመስከረም 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፣ ጆርጂያ ውስጥ በአትላንታ አጠገብ ባለው በግዊኔት ካውንቲ አንድ ፖሊስ ሞት ፊት ቆሞ ምላጩን ሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። ደግነቱ እንደሠለጠነው የከሸፈውን አውጥቶ ሌላ አጎረሰና ከሞት ተረፈ። ጥይቱ ለአምራቹ ተልኮ ሲመረመር መርፌው በሚገባ መትቶታል፤ ነገር ግን ቀለሁ ቂጥ ላይ ባለችው ማቀጣጠያ ቆብ ውስጥ ያለው ቅመም ረግፏል። ከሌላው የፖሊሶቹ ጥይት 2,000 ያህሉ ተተኩሶ አንድም አልከሸፈም። መንስኤው የተገኘው ሰውየው ሲጠየቅ ነው። ቤቱ ትንንሽ ልጆች አሉ፤ ማታ ማታ የጎረሰውን ጥይት ያወጣል፣ ጠዋት አንዱን ያጎርስና ያወጣውን መልሶ ካዝናው ላይ ያኖረዋል። ሁለት ጥይቶች ብቻ እየተፈራረቁ እስከ 100 ጊዜ ያህል ገብተው ወጡ። በየጊዜው ወደ ጉሮሮው ሲወረወሩ የደረሰባቸው ምት ቅመሙን አራገፈው፤ ከውጭ ቢያዩት ግን አዲስ ጥይት ነው። አባትየው ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ጥይቱን ማቀያየር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ጥይት ጥቂት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ወደ መለማመጃው ካርቶን ይዛወር የሚባለው፤ ብዙ ፖሊሶችም የያዙትን በዓመት አንዴ ተኩሰው በአዲስ ይተኩታል።

ያው መደጋገም ሌላም ጣጣ አለው፤ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋል። አረሩ በሰመጠ ቁጥር ለባሩዱ ጋዝ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱም ይንራል። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ሙሉ ርዝመት ከ29.69 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ትልቁ ስጋት ግን ማጠሩ ነው። መመርመሪያው መሣሪያ አይጠይቅም፤ የተጠረጠረውን ካልጎረሰ አዲስ ጥይት ጎን ማቆም ነው። አጥሮ ከታየ አይተኮስም።

በቀላል ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የተኩሱ ርግጫ አረሩን ከቀለሁ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ሲብስ ሽክርክሪቱ አይዞርም። ሞካሪዎች ሞልተው ከመጨረሻዋ በቀር ይተኩሱና እሷን አውጥተው ርዝመቷን ይለካሉ።

ለጥይት መፈተኛነት የሚያገለግለው ዝልግልግ ነገር ከአሳማ ቆዳ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ታሪኩ የሚጀምረው ሚያሚ ላይ ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ነው። በዚያ ከወንበዴዎች ጋር በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የኤፍቢአይ ወኪሎች ሞቱ፤ አምስት ቆሰሉ። ከወንበዴዎቹ አንዱን የመታ የ9 ሚሊ ሜትር አረር ክንዱን በስቶ ደረቱ ገባ፤ ልቡ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም መዋጋቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ኤፍቢአይ የሚገዛው ጥይት 10 በመቶ የአሳማ ጄላቲን ያለበትን ብሎክ ቢያንስ 30፣ ቢበዛ 46 ሴንቲ ሜትር እንዲበሳ ይጠበቃል፤ በባዶው ብቻ ሳይሆን በወፍራም ልብስ፣ በኮምፔንሳቶ፣ በብረት ላሜራና በመኪና መስታወት በኩልም ጭምር። ብሎኩ ራሱም አስቀድሞ ይፈተናል፤ በሰከንድ 180 ሜትር የምትበር ትንሽ የብረት ኳስ 8.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካልገባች ብሎኩ ይጣላል።

ጫፋቸው የተቦረቦረ፣ ሥጋ ውስጥ ሲገቡ የሚከፈቱ አረሮች በ1899 በሄግ መግለጫ ለጦርነት ተከልክለዋል፤ የአሜሪካ ፖሊስ ግን የሚይዘው እነሱን ነው። በስተጀርባ ያለን ሰው በስቶ የመምታት አደጋቸው ያንሳልና። «ዱምዱም» የሚለው ስማቸው ካልካታ አጠገብ ካለ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥም ገብተዋል፦ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935ና 36 ጦርነት ኢትዮጵያውያን ወታደሮቼን በዱምዱም ተኩሰዋል ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች፤ የመርዝ ጋዟንም በዚሁ ልታመካኝ ሞከረች።

የጥይቱን ማቀጣጠያ ዘዴ የፈለሰፈው ቄስ ነበር። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ፎርሳይት በባልጩት ጠመንጃው ብልጭታ ወፎች እየደነገጡ ቢያመልጡት በምት የሚቀጣጠል ቅመም አበጅቶ በ1807 የፈጠራ መብት አወጣበት።

ባሩድ ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፈረንሳይ ይህን በከባድ ዋጋ ተማረችው፤ በ1907 ኢዬና፣ በ1911 ሊበርቴ የተባሉት የጦር መርከቦቿ ቱሎን ወደብ ላይ ፈነዱ፤ የተጠረጠረውም ያረጀ ባሩድ ነበር። ዛሬ ባሩድ ላይ እንደ ዳይፌኒላሚን ያለ ማረጋጊያ ስለሚጨመር ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥይት ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በጋውን ሙሉ መኪና ውስጥ የሚያድረው ግን ቶሎ መተካት አለበት።

ሞልቶ የተቀመጠ ካዝና ሞላው ይደክማል የሚባለውስ? ጥሩ ሞላን ይበልጥ የሚያደክመው መሙላትና ማውጣቱ ነው።

የአሜሪካ ጦር በ2017 አዲሱን ኤክስኤም17 ሽጉጥ ሲፈትን ቦርቧራው ጥይት ከድፍኑ የተሻለ ሆነ፤ «ቦርቧራ ይያዛል» የሚለው ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ያሳያል። ሽጉጡ ድፍኑን ሲተኩስ በአማካይ በ343 ጥይት አንዴ ተያዘ፤ ቦርቧራውን ሲተኩስ በ708። ከመያዞቹ 60 በመቶው ደግሞ ካዝናው ሲያልቅ የሽጉጡ ላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ተከፍቶ አለመቆሙ ነበር፤ አብዛኛው ጥፋት የጥይቱ ሳይሆን ማቆሚያዋን የሚጫነው የተኳሹ አውራ ጣት ነው።

መለማመጃ ቦታ ሲተኩሱ ምንም ካልሰሙ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከፍንዳታ ይልቅ «ፕፍ» ካለ ግን የበለጠ ያስፈራል፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላልና፣ ሽጉጡ ባዶ ተደርጎ ውስጡ ሳይታይ ምላጩ ዳግም አይሳብም።