ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ታሪኳን ጠይቁ

ነፍስ በማጥፋት የተከሰሰች ሴት ችሎት ፊት ዓይኗ ሳያነባ ከቆመች፣ ዳኛው ሳይፈርድ ሕዝቡ ፈርዶ ይጨርሳል። አረመኔ ናት፣ አንጀቷ አይራራም ይባላል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው እንጅባራም ሆነ በሌላው ከተማ ወሬው አንድ ነው።

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አለመራራት የሚመዝኑበት መመዘኛ አላቸው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ሄር ያዘጋጀው 20 መስፈርቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። በሰሜን አሜሪካ ከ40 ነጥብ 30 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሳይኮፓት (ርኅራኄና ፀፀት የጎደለው) ይባላል። የሠለጠነ መርማሪ ረጅም ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ መዝገብም ያገላብጣል። ነገር ግን መመዘኛው በአብዛኛው የተቀረጸው በወንድ እስረኞች ላይ ነው።

አንዱን መስፈርት ብቻ እንመልከት፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈርስ ትዳር። በ12 ዓመቷ ተድራ የኮበለለች፣ ቤተሰቧ ለሌላ ባል የሰጣት፣ በኋላም አዲስ አበባ በሰው ቤት ተቀጥራ ከሦስተኛ ወንድ ጋር የኖረች ሴት እዚህ ላይ ነጥብ ይቆጠርባታል። መኮብለሏም በልጅነት የጠባይ ብልሽት ሊጻፍባት ይችላል። ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር በሰደደበት አማራ ክልል ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። አፏን በአዊኛ የፈታች ሆና በአማርኛ ስትጠየቅ ደግሞ አጭርና ደረቅ መልሷ ራሱ ርኅራኄ እንደማጣት ሊታይ ይችላል።

እንዲህ ያለው ግምት እስከ መፈቻዋ ይከተላታል፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 መሠረት የእስራቷን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመች ታራሚ ጠባይዋ ከታረመ በአመክሮ ልትፈታ ትችላለች። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። አንደበተ ርቱዕ አታላይ ሁሉንም አስደስታ ትወጣለች፤ ድብርት አንደበቷን የያዘው ግን አልተፀፀተችም ትባላለች። እንዲህ ያለ የመንፈስ ጭንቀት ደግሞ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሰሜን ምዕራብ አማራ ከተጠየቁት እስረኞች ከአምስቱ አራቱ ያህል በሥነ ልቦና ጭንቀት ውስጥ እንዳሉ አሳይቷል።

የአእምሮ ጤንነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤት ባለሙያ እንዲጠይቅ አንቀጽ 51 ይደነግጋል፤ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ግን ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የባንኮክ ደንቦች አንዲት ታራሚ ማረሚያ ቤት ስትገባ የደረሰባት ጥቃትና የአእምሮ ጤናዋ እንዲጣራ ያዛሉ።

የክልላችን የማረሚያ ቤትና የጤና ኃላፊዎች፣ ከዚህ ጀምሩ፤ በራሷ ቋንቋ ምን እንደደረሰባት ጠይቁ። የሠለጠነ ባለሙያ ሳይመረምራት በማንም ሴት መዝገብ ላይ ሳይኮፓት ተብሎ አይጻፍ።