ስሙን የማንጠራው ፓምፕ

ስለ ነርቭ ወሬ ሲነሣ ሙገሳው ሁሉ ለአንጎል ነው። እኔ የማደንቀው ግን በየሕዋሱ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ሌት ተቀን የሚለፋውን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው። በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል፤ ዋጋው አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ የኃይል ሞለኪውል፣ ነው። ሽፋኑ እንደሚያፈስ ታንኳ ስለሆነ ቀጂው ማረፍ አይችልም።

«ነርቭ እኮ የመብራት ሽቦ ማለት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት ያቅተኛል። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ርዝመቱን ተከትለው ይሄዳሉ። በነርቭ ላይ ግን ሶዲየም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ሽፋኑን አቋርጦ ይገባል፤ ያ መግባት በሽፋኑ ላይ ቀጥሎ ያለውን የሶዲየም በር ያስከፍታል፣ እሱም ሌላውን። ፈጣኑ ነርቭ እንኳ በሴኮንድ ከ120 ሜትር ብዙ አያልፍም። ይህን የሚያውቁትም ሌላ ስሕተት አላቸው፤ ፓምፑ መልእክቱን የሚተኩስ ይመስላቸዋል። አይተኩስም! በአንድ መልእክት የሚገባው ሶዲየም እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ፓምፑ ቢቆምም ወፍራም ነርቭ ለጊዜው መልእክት ማስተላለፉን ይቀጥላል። የፓምፑ ድርሻ በሕዋሱ ውስጥና ውጭ ያለውን የሶዲየምና የፖታሲየም ልዩነት ጠብቆ ማቆየት ነው። መልእክቱ ጫፍ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ሕዋስ የሚሻገረው ባብዛኛው በኬሚካል ነው።

የንስ ስኩ የተባለ ዴንማርካዊ ይህን ፓምፕ በ1957 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከሸርጣን እግር ነርቭ ነው፤ ኖቤል የደረሰው ግን በ1997 ነበር። ፓምፑን ነጥሎ ለማወቅ የረዳው መርዝ ኡዋባይን ይባላል። እኛ ዘንድ ምረንዝ በምንለው ዛፍ ውስጥ ይገኛል፤ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። መርዙ ፓምፑን ይይዛል፣ በልብ ሕዋስ ውስጥ ሶዲየም ይከማቻል፣ ካልሲየም ይከተለዋል፣ ልብም ምቱ ተዛብቶ ይቆማል።

የተቅማጥ ሕመምተኛን የሚታደገው የጨውና የግሉኮስ ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስም የዚሁ ፓምፕ ባለዕዳ ነው። ፓምፑ የአንጀትን ሕዋስ ከሶዲየም ስለሚያራቁተው፣ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል። ታዲያ ባለ 1 ሊትሩን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ የምትበጠብጡ ሰዎች ምን ልበላችሁ? አንዲት እናት «ይበርታለት ብዬ ነው» ብላኛለች። የበረታው ጨው ከአንጎል ሕዋሳት ውኃ ይስባል፤ ሕፃኑም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፤ እስከ 24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋ።