ዓይን ከመድከሙ በፊት የደም ሥር ይናገራል

የስኳር በሽታ እያለባቸው «በመርፌ ቀዳዳ ክር እስካስገባሁ፣ ምስር እስከለቀምሁ ድረስ ዓይኔ ምን ሆነና?» የሚሉ እናቶች አሉ። ይሁን እንጂ አጥርቶ ማየት ብቻውን የዓይን ጤንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

በዓይናችን ጀርባ ሬቲና የሚባል ብርሃን ተቀባይ ስስ መጋረጃ አለ። ይህን መጋረጃ የሚመግቡት እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የሥሮቹ ግድግዳ ይላላል፤ አንዳንዶቹ ያፈሳሉ፣ ሌሎቹ ይደፈናሉ። ጉዳቱ ከመሐል የራቀ ከሆነ ሕመምተኛዋ ምንም ሳይሰማት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ማኩላ ወደሚባለው የመጋረጃው መሐል ሲደርስ ግን ማንበብና የሰው ፊት መለየት ያስቸግራል።

ሐኪም ይህን አስቀድሞ ሊያይ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ የደም ሥሮቹን ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ አሜሪካውያን በክንድ ደም ሥር ቀለም ሰጥተው፣ ቀለሙ በዓይን ሥሮች ሲያልፍ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ዘዴ አስታወቁ። ዛሬ ደግሞ ያለ ቀለም፣ በብርሃን ብቻ ሥሮቹን የሚያሳይ መሣሪያ አለ። በማኩላው እምብርት በተፈጥሮ የደም ሥር የሌለበት ትንሽ ቦታ ይገኛል። በዙሪያው ያሉት ሥሮች ሲደፈኑ ይህ ቦታ ይሰፋል፤ በጣም በሰፋባቸው ሕሙማን ላይም የማየት ኃይል ቀንሶ መገኘቱን ጥናቶች ያመለክታሉ። የተደፈነውን ሥር መነጽር አይከፍተውም። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ጉዳቱ እንዳይባባስ በሌዘርና ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ መግታት ይቻላል።

ስለሆነም ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለባት እናት በሽታው እንደታወቀ ወዲያውኑ፣ ከዚያም ሐኪም ሌላ ቀጠሮ ካልሰጣት በየዓመቱ ዓይኗን ልትመረመር ይገባል። እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥን ስለሚችል ስኳር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት መታየት አለባት። ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግራ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የስኳር ክትትል የምታደርግ እናት በቀጠሮዋ ቀን «ዓይኔስ?» ብላ ትጠይቅ። ካሜራ በሌለበትም ቢሆን የዓይን ሐኪም ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎ መጋረጃውን ሊመለከት ይችላል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ዓይን ስለሚያደበዝዝ ልጇን ወይም ጎረቤቷን ይዛ ብትሄድ ይመረጣል።

በዚያን ዕለት የግማሽ ቀን ሥራ ወይም ገበያ ይታጎል ይሆናል። የግማሽ ቀን ሥራ ግን በማግስቱ ይካካሳል፤ የጠፋ ብርሃን አይካካስም።