ፖምፓው ላይ ከመፈረዱ በፊት

አዲስ አበባ፣ ቀበና ላይ ለሚሠራ መካኒክ የዘወትር ደንበኛው ዳገት የሚፈራ ናፍጣ ፒክአፕ ነው። ግቢ ውስጥ ሲነሣ ምንም አይልም፤ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ድረስ በደህና ይሄዳል፤ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲቀና ግን ጉልበት ያጣል። ነጂው ቢረግጥም ሞተሩ አይከተልም፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ ከዚያ ወዲያ ጉዞው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው። አጥፍቶ ሲያስነሣው ይስተካከላል፣ እስከሚቀጥለው ዳገት።

ስካነር ሲሰካ ፒ0087 የሚል ኮድ ይወጣል። በሬይሉ፣ ማለትም ናፍጣን ለኢንጀክተሮቹ በሚያከፋፍለው የጋራ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው አነሰ ማለት ነው። ለምን እንዳነሰ ኮዱ አይናገርም። ብዙ ባለመኪና ከዚህ በኋላ የሚሰማው ፍርድ ግን አንድ ነው፦ «ፖምፓው አልቋል፣ ይቀየር።» ከሞተሩ ዕቃዎች እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ በአንድ መስመር ኮድ ይፈረድበታል። ባለመኪናው ተበድሮም ሆነ ዕቁብ ጠብቆ ይከፍላል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ዳገት ላይ ያው መብራት ይበራበታል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ፖምፓው ምን እንደሚጠበቅበት እንይ። በቀድሞዎቹ ሃይሉክሶች፣ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል በምንላቸው ሞተሮች ላይ፣ ኖዝሉ የሚከፈተው በ150 ባር አካባቢ ነው። ኮመን ሬይል ከመጣ ወዲህ (ዴንሶ በጭነት መኪና ላይ ለገበያ ያዋለው በ1995 እ.ኤ.አ. ነበር) ነገሩ ሌላ ሆነ። በመንገዶቻችን ላይ በብዛት የምናየው ባለ 3 ሺህ ሲሲ ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ፣ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ከ300 እስከ 400 ባር ይይዛል፤ ጭነት ሲበዛበት ወደ 1,600 ባር ይጠጋል። ከእሱ በኋላ የመጡት ከ2,000 ባርም ያልፋሉ። ይህን የሚያህል ግፊት የሚፈጥረው ፖምፓ ግን መጀመሪያ ናፍጣ ሊደርሰው ይገባል። በብዙዎቹ ፒክአፖች ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፕ የለም። ከታንኩ ተነሥቶ፣ በሻሲው ሥር አልፎ፣ ፊልትሮውን ተሻግሮ ናፍጣውን የሚያመጣው ከዋናው ፖምፓ ጋር አብሮ የተሠራ አንድ ትንሽ መጋቢ ነው። ይህ መንገድ በሙሉ ናፍጣው እየተሳበ የሚመጣበት የመሳቢያ መንገድ ነው፤ ግፊት የለበትም።

የከተማችን ከፍታ ጣጣ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣውን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፤ መጋቢው የሚያደርገው ከፊቱ ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ነዳጃችን በሚራገፍበት በጅቡቲ ወደብ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ቀበና ላይ፣ በ2,400 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ 0.7 ባር ገደማ ይቀራል። ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ጅቡቲ ላይ ሳይታወቅ መኪናውን ሊያስኬድ ይችላል፤ እዚህ ያ ትርፍ የለንም። ዳገት ላይ አፍንጫው ሲነሣ ደግሞ ታንኩ ከሞተሩ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ቢሆንም ይደመራል። ጌጅ ለሚያነብ መካኒክም ነገሩ ያገባዋል፦ በባሕር ጠለል ሙሉ ቫኪዩም 30 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከ22 ወይም ከ23 አያልፍም። ከውጭ የመጣ ሠንጠረዥ ላይ ያለን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚፈርድ ሰው ይስታል።

ቆሞ የተፈተነ መኪናም አያሳምነኝም። ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር በሰዓት የሚያቃጥለው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያው ሞተር ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ከ20 ሊትር በላይ በሰዓት ሊጠይቅ ይችላል። በጠበበ መንገድ አንድ ሊትር ያልፋል፣ ሃያው አያልፍም። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ሁሉም ነገር ደህና የሚመስለው እውነትም ለዚያ ሰዓት ደህና ስለሆነ ነው። እኔ ስካነሩን ሰክቼ፣ የሚፈለገውና ያለው የሬይል ግፊት ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርጌ፣ ረዳቴን ቁጥሩን እንዲከታተል አስቀምጬ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ከወጡ የናፍጣው ነገር አበቃ፤ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። የሚፈለገው እየወጣ፣ ያለው ግን ወደ ኋላ ከቀረ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው፣ ምክንያቱ ገና ቢሆንም።

ጭሱንም ልብ ማለት ነው። ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ መኪና ናፍጣ አላነሰውም፤ ያነሰው አየር ነው፤ ወደ ቱርቦውና ወደ አየር ፊልትሮው መሄድ ይሻላል። ጉልበት አጥቶ ጭስ የማያወጣው ነው ናፍጣ የራበው።

ከዚህ በኋላ ከመፍቻ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። በአንድ ወቅት የደብረ ብርሃን መስመር የሚመላለሱ አንድ አባት ደብል ካፕ ሃይሉክሳቸውን ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ ፖምፓ ተብለው ዋጋ ተነግሯቸዋል። 

«ጋሼ፣ መኪናው ሲያስቸግርዎት ታንኩ ሙሉ ነው ጎዶሎ?» 

«እንዲያውም ሞልቼ የወጣሁ ቀን ነው የሚብስበት» አሉኝ። 

ይህ መልስ ትልቅ ነገር ነው። ነዳጅ ሲጎድል የሚብስ ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለው መሳቢያ ቱቦ ተሰንጥቋል ወይም ወንፊቱ ቆሽሿል ብዬ እጠረጥራለሁ። ታንኩ ሲሞላ እንዲብስ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ክዳኑን ስከፍት አየር በኃይል ወደ ውስጥ ገባ፤ ድምፁ ለእሳቸውም ተሰማ። ናፍጣ ሌሊት እየተቀዳባቸው ስለተቸገሩ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዝተው አስገጥመዋል፤ ክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ የለውም። ናፍጣ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ ታንኩ ሲሞላ ያለው የአየር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ቫኪዩሙ ቶሎ ይበረታል። ክዳኑን ላላ አድርገን እንጦጦን ወጣን። ግፊቱ ከሚፈለገው ንቅንቅ አላለም። መተንፈሻ ያለው ክዳን ተገዛ፣ ፖምፓው በቦታው ቀረ።

ሁሉም እንዲህ ቀላል አይሆንም። ለተቀረው ሁለት ርካሽ ዕቃ ይበቃል፦ አንድ የቫኪዩም ጌጅና ክንድ የሚያህል ጥርት ያለ፣ ውስጡን የሚያሳይ የናፍጣ ቱቦ። ቱቦውን በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል አስገባለሁ፤ ጌጁን እዚያው። ጌጁ ከፍ ያለ ቫኪዩም ካሳየ መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ ጌጁን ከፊልትሮው በፊት አዛውራለሁ፤ ንባቡ ከወረደ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው፣ ካልወረደ ወደ ታንኩ መሄድ ነው። ጌጁ ዝቅ ብሎ ቱቦው ውስጥ አረፋ ካለፈ ኤር እየገባ ነው፦ የላላ ፋሼታ፣ የደረቀ ጎማ ቱቦ፣ ፊልትሮ ሲቀየር ሳይቀየር የቀረ ጎሚኒ፣ ወይም ፊልትሮው አናት ላይ ያለው የእጅ ፖምፕ። እዚህ ላይ ወጣት ባልደረቦቼን የሚያሳስት ነገር አለ። አረፋ ሁሉ ከውጭ የገባ ኤር አይደለም። መንገዱ በጣም ሲጠብና ቫኪዩሙ ሲበረታ በናፍጣው ውስጥ የሟሟው አየር ራሱ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አረፋ አይቶ ፋሼታ ሲያጠብቅ የሚውል፣ ጌጁን ግን ያላየ ሰው፣ ችግሩ የተደፈነ ፊልትሮ መሆኑን ሳያውቅ ይመሻል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የግድ ነው።

አጭሩን መንገድ ለሚፈልግ፣ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ አስሮ ፖምፓውን በቀጥታ ከእሱ መመገብ ነው፤ የሚመለሰውንም ናፍጣ ወደዚያው ማስገባት። ናፍጣው ሞተሩ ላይ እንዳይፈስ፣ ጀሪካኑም ከሚግል ነገር እንዲርቅ መጠንቀቅ ነው። መኪናው ከዳነ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ፖምፓው ነጻ ወጣ። ለባለመኪናም አንድ ነገር ልምከር፦ አዲስ ፊልትሮ በተገጠመ ቀን የጌጁ ንባብ ተወስዶ ሰርቪስ በሚመዘገብበት ደብተር ላይ ይጻፍ። የዛሬ ዓመት የሚነጻጸርበት ቁጥር ይኖራል።

የናፍጣው ጥራት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ሰው ከየት እንደመጣ በማያውቀው ጀሪካንና በርሜል ይቀዳል፤ አሸዋና ውሃ አብሮ ይገባል። ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትቼ የመጀመሪያውን ናፍጣ በሃይላንድ ጠርሙስ እቀበልና አሳድረዋለሁ። ውሃ ካለ ጠዋት ታች ተኝቶ ይታያል። ኬሮሲን ግን እንዲህ አይለይም፣ ጉዳቱ ደግሞ የከፋ ነው። ፖምፓው ለብቻው ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ኬሮሲን ቀጭን ስለሆነ ብረት ከብረት ጋር ያፋጫል። በመንግሥት የዋጋ ዝርዝር ላይ ነጭ ናፍጣና ኬሮሲን ለዓመታት አንድ ዋጋ ሲወጣላቸው መቆየቱ ለሞተሮቻችን ደግ ነገር ነው፤ ዋጋቸው በተራራቀ ቁጥር መቀላቀሉ ያጓጓልና። ፊልትሮው ሲከፈት በናፍጣው ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ ግን ፖምፓው በእርግጥ እየተበላ ነው። ያኔ ፖምፓ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ብናኙ ወደ ሬይሉና ወደ ኢንጀክተሮቹ ሄዷል፣ መስመሩ በሙሉ መጽዳት አለበት።

የመሳቢያው መንገድ ንጹሕ ሆኖ ግፊቱ አሁንም ሲወድቅ ብቻ ነው ወደ ከፍተኛው ግፊት የምሻገረው። እዚያም ፖምፓው የመጨረሻ ተጠርጣሪ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ስካነሩ የሬይል ግፊት ዜሮ አካባቢ ካላሳየ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው። የየኢንጀክተሩን ሪተርን (የሚመልሰውን ትርፍ ናፍጣ) በአራት ጠርሙስ ተቀብሎ ማነጻጸር ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ብዙ አብልጦ ከመለሰ ግፊቱ የሚያመልጠው በእሱ በኩል ነው። በተለይ ሲግል ማስነሣት ለሚያስቸግር መኪና ይህ ምርመራ ይቅደም። ሚኒሞ ላይ የሚዋልል፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለውን ኤስ ሲ ቪ የምንለውን፣ የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠረውን ቫልቭ ያመለክታል፤ እሱ ለብቻው ይቀየራል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከተገኙ ፖምፓው ተፈትቶ ወደ ፖምፒስታ (የፖምፓ ባለሙያ) ይሂድ፤ አሁን ፍርዱ ተገቢ ነው።

ለወጣት መካኒኮች አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በፋይቭ ኤል ጊዜ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ አላልቶ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ መፈለግ የተለመደ ነበር። በኮመን ሬይል ላይ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። በ1,000 ባርና ከዚያ በላይ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፣ ጓንት አያግደውም። ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይም ላያም ይችላል፤ ውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው «ትንሽ ነው» ብሎ አይቆይ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድና ግፊት ያለው ናፍጣ እንደወጋው ለሐኪሙ ይንገር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለን መኪና ማቆየት የሁሉም ሐሳብ ሆኗል። እነዚህ ናፍጣ ፒክአፖች ብዙ ቤተሰብ ይመግባሉ። ስለዚህ ባለመኪና ሆይ፣ «ፖምፓ ይቀየር» ሲባሉ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ጌጁ ስንት አነበበ? መኪናው ዳገት ላይ ሲወጣ የሚፈለገውና ያለው ግፊት ስንት ነበር? የአራቱ ኢንጀክተሮች ሪተርን ተነጻጽሯል ወይ? በወረቀት ላይ የተጻፈ መልስ ካላገኙ ቁልፍዎን ተቀብለው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።