በር የምታንኳኳው ነርስ

ቄራ ሌሊት ይሠራል። ሰንጋው ታርዶ ሥጋው ወደየልኳንዳው የሚጫነው ከተማው ሲተኛ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በር የምታንኳኳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከቄራ ተመልሶ ገና ጋደም ያለ አባወራ ልትቀሰቅስ ትችላለች። ቀጥሎ ባለው ቤት ደግሞ እናትየው ጉልት ወጥታለች፤ በሩ ተቆልፏል። በሥራ ሰዓት ቤቱ የማይገኘው ብዙውን ጊዜ ጉብኝቱ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ በገጠር ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፕሮግራሙ ከተማ ሲገባ ግን የተመረጡት ነርሶች ናቸው፤ ሦስት ወር ያህል ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ አንዷ 500 ያህል አባወራ እንድትይዝ። የከተማ ሰው ዲፕሎማ ካላየ አይሰማም ተብሎ ይሆናል። ለእኔ ግን ሦስቱ ወር ያንሳል። ነርስ የተማረችው ወደ እሷ የመጣን በሽተኛ ማከም ነው፤ እዚህ ያልጠራትን ሰው ደጅ ትጠናለች።

የሳሉን ጥያቄ እንውሰድ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ይህን ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች። ግን በአንድ ግቢ ስድስት የቀበሌ ቤት ተጠጋግቶ ባለበት፣ ልብስ የሚያጥቡ ጎረቤቶች እየሰሙ «የሚያስል አለ?» ብትል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ነው። ነገሩ የገባት ባለሙያ ቤት ውስጥ ትገባለች፤ ቁጭ ብላ ቡናውን ትቀበላለች፣ የእማማን የደም ግፊት ትለካለች። ከዚያ በኋላ ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ልጃቸው የምትጠይቀው።

ኋላ ላይ የመጣው የቤተሰብ ጤና ቡድን ይህችን ብቸኛ ተጓዥ ከጤና ጣቢያው ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ጋር አጣመራት። ሐሳቡ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ያሠለጠነው በቡድን እንዲሠሩ ነበር። የአዲስ አበባው ቡድን ቤቶችን በገቢያቸውና በጤና ችግራቸው ይመድባል፤ ድሃም ሆኖ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል። ለሁሉም እኩል ከመዞር ይህ የበለጠ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ሥልጠና የማይፈታው ግን አለ። የጋራው ሽንት ቤት ሲሞላ መጣጭ መኪናውን የምታዝዘው እሷ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ እንደሆነው ሰፈር ሲነሣም፣ ያወቀቻቸው ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የስድስት ወር የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረውን ማዛወሪያ አስይዛ፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ እንደተረከበው ደውላ ማረጋገጥ አለባት።