«ስንት እጅ አስፈለገው?»

ዱከም ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጆችን የማሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወላጆች ሥራዬን «ስፖርት»፣ እኔን ደግሞ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል። አብዛኞቹ ልጆቼ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ናቸው፦ በማህፀን፣ በምጥ ወቅት ወይም ገና በጨቅላነታቸው አንጎላቸው ተጎድቶ ሰውነታቸው አልታዘዝ ያላቸው። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ አይሄድም፤ አይጠፋምም።

አዘውትሬ የምሰማው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ለጎረቤት የተሰጠ መልስ ነው። ጎረቤት «ሄደልሽ? አፉን ፈታ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አልሄደም። አልፈታም። ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አይመስልም።

በኢንዱስትሪ ዞኑ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት እናትም ይህንኑ ነገረችኝ። ቀን ቀን ልጁን የሚይዙት አያቱ ስለሆኑ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «እማማ፣ ሹራብ ሲያለብሱት እንዴት ነው?» «አሁንማ እጁን ይሰጠኛል» አሉ። «ምሳስ?» «ድሮ አጉርሼው ሳልጨርስ ቡናው በረካ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ አቦሉ ሳይቀዳ ይጠግባል።» እናትየው ይህን ሰምታ አታውቅም። ከሥራ ስትመለስ ልጁ ተኝቶ ነው የምታገኘው።

ምግብ ቶሎ ማለቁ ቀላል ወሬ ይመስላል። ግን አንገቱ ካልጸና፣ ከንፈሩ ካልገጠመ፣ ምላሱ ጉርሻውን ወደ ኋላ ካልገፋ ምሳው አያልቅም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «ተቀመጠ» ወይም «አልተቀመጠም» ብዬ አልጽፍም። ደረቱን ተይዞ ተቀመጠ፤ ዳሌውን ብቻ ተይዞ ተቀመጠ፤ በራሱ እጅ መሬት ተደግፎ ተቀመጠ እላለሁ። የምቆጥረው ስንት እጅ እንዳስፈለገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በአገራችንም የተሞከረው ሥልጠና የዕለት ተግባርን በትንንሽ እርከን ከፍሎ ማስተማርን ያሳያል፤ አያቶች ግን ሳይሠለጥኑም ያውቁበታል፣ የሚጠይቃቸው ካገኙ። ወላጆችን በየወሩ በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ በዚያው አሻንጉሊት፣ አጭር ቪዲዮ በስልካቸው እንዲቀርጹ አደርጋለሁ። ልጁን በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡን አያይም።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የካናዳ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ሊደርሱበት ከሚችሉት የመቀመጥ፣ የመቆምና የመራመድ አቅም 90 በመቶ ያህሉን እስከ 5 ዓመት ገደማ ያገኙታል፤ ጉዳታቸው የከበደ ደግሞ ከዚያ ቀድመው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ይዛ «መቼ ይሄዳል?» ለምትለኝ እናት ይህን መንገር አልወድም። ዝም ብሎ ማሠራትና ገንዘቧን መቀበል ግን ከዚያ ይከፋል። እነግራታለሁ፤ ከዚያ ስለ ወንበር እናወራለን። የሰፈር አናጢ በልኩ የሠራለት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ሁለት እጁ ነፃ ይሆናል፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፤ አያቱም እሱን ሳያቅፉ እንጀራ ይጋግራሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ የወንበሩ እንጂ የልጁ ለውጥ አይደለም ይላሉ። እኔ አልስማማም።

ሁሉንም ለውጥ ብሎ ማሞካሸትም አለ፤ እሱንም እፈራለሁ። ልጅ በፍጥነት ሲያድግ አጥንቱ ጡንቻውን ይቀድመዋል፤ ትናንት የተዘረጋ ጉልበት ዛሬ ይታጠፋል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አሠራሩን እንቀይራለን። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት፣ ይቀመጥ የነበረ ሆኖ መውደቅ የጀመረ፣ በድንገት መፍዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ያመጣ ልጅ ግን ዘገምተኛ ተብሎ አይጠበቅም። ለእኔም ቀጠሮ አይያዝለት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ስልኩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በፊት ምን ይችል እንደነበር ማየት ይፈልጋል።