መውጫውን የሚዘጋው ብረት

በካናዳዋ ቶሮንቶና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መኖሪያ ቤት እንደ አዲስ አበባው በግንብ አጥርና በግቢ በር አይከበብም፤ ዘበኛም የለውም። መኪናው ከቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ በተዘረጋችው፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ድራይቭዌይ» በሚሏት መግቢያ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ተጋልጦ ያድራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በብዙ መግቢያዎች ጫፍ ላይ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ወፍራም የብረት ቋሚ ይታያል፤ ቦላርድ ይባላል። ባለቤቱ ማታ መኪናውን ካቆመ በኋላ ቋሚውን ከመሬት ውስጥ ስቦ ያወጣና ይቆልፈዋል፤ ጠዋት ከፍቶ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። በኮምፒውተር የተሞላን ውድ መኪና በብረት ግንድ መጠበቅ ኋላቀርነት ይመስላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ከዚሁ ኋላቀርነቱ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱ አሁን መኪና በሚሰረቅበት መንገድ ውስጥ አለ። በፑሽ ስታርት የሚነሳ መኪና ከቁልፉ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ሞገድ ነው። መኪናው ደካማ ምልክት ይልካል፤ ቁልፉ በአንድ ሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ሰምቶ ይመልሳል። ሌቦቹ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ አንቴና ይዞ የቤቱን በር ይጠጋል፣ ሌላው መኪናው አጠገብ ይቆማል፤ የያዟቸው መሣሪያዎች የመኪናውን ምልክት ቤት ውስጥ እስካለው ቁልፍ፣ የቁልፉን መልስ ደግሞ እስከ መኪናው ያደርሳሉ። መኪናው ጌታው የመጣ መስሎት ይከፈታል፣ ሞተሩም ይነሳል። መስታወት አልተሰበረም፣ ጩኸት የለም። አዳክ የተባለው የጀርመን የመኪና ባለቤቶች ማኅበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎችን በዚህ ዘዴ ፈትኖ አብዛኞቹን ከፍቷል። ቁልፉን ሞገድ በማያሳልፍ ከረጢት ማሳደር ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሌሎቹን ግን አይደፍንም። ሌባው ለመካኒክ ምርመራ ተብሎ ከመሪው ሥር በተሠራው ሶኬት መሣሪያ ሰክቶ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ ይችላል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር የተተነተነው ዘዴ ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው፤ የፓራውልቱን ጠርዝ ፈልቅቆ ወደ ፊት መብራቱ ሽቦ መድረስ ነው። የመኪናው ኮምፒውተሮች መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር እስከዚያ መብራት ድረስ ስለሚዘልቅ፣ «ትክክለኛው ቁልፍ እዚህ አለ» የሚል የሐሰት መልእክት በእሱ በኩል ይገባል። ያኔ እውነተኛው ቁልፍ ከረጢት ውስጥ ይሁን ባሕር ማዶ ለውጥ የለውም። እነዚህ ሁሉ መንገዶች የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ መኪናው የግድ በመግቢያው በኩል ወጥቶ መንገድ መያዝ አለበት። ብረቱ የሚቆመው እዚያ ነው። ምልክት አይቀበልም፣ መልስም አይሰጥም፣ ስለዚህ በሐሰት መልእክት አይታለልም።

«በመኪና ገጭቶ ቢነቅለውስ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። በኤምባሲና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ የሚተከሉት ቋሚዎች 7 ቶን ያህል የሚመዝን የጭነት መኪና በሰዓት 50፣ 64 ወይም 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሲገጫቸው ይፈተናሉ። የመኖሪያ ቤቱ ቋሚ ያን ፈተና አያልፍም፤ ማለፍም አይጠበቅበትም። ምክንያቱም በቶሮንቶ አካባቢ ያለው የመኪና ስርቆት ለገበያ ሸቀጥ ማቅረብ ነው። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ግዛት ፖሊስና የካናዳ የድንበር አገልግሎት በጋራ ባካሄዱትና በሚያዝያ 2024 ይፋ ባደረጉት ዘመቻ በሞንትሪያል ወደብ 598 የተሰረቁ መኪኖች ተይዘዋል፤ አብዛኞቹ ከኦንታሪዮ የተወሰዱ ነበሩ። የካናዳ የኢንሹራንስ ቢሮ እንዳስታወቀው በ2023 ለተሰረቁ መኪኖች የተጠየቀው ካሳ ከ1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነበር። በኮንቴይነር ተጭኖ ባሕር ማዶ የሚሸጥ መኪና ደግሞ ራዲያተሩ ከፈሰሰ ወይም ኤርባጉ ከፈነዳ ዋጋው ይወድቃል። ሌባው ብረቱን በመኪናው ቢገጨው የሚያበላሸው የራሱን ገበያ ነው። በግራይንደር ልቁረጠው ቢል ይቻለዋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የእሳት ብልጭታና የብረት ጩኸት እያሰማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት እያየው። በደቂቃዎች ጸጥ ብሎ ያልቅ የነበረው ሥራ ጊዜና ድምፅ ይጠይቀዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቋሚው በሥርዓት ከተተከለ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። በንጣፉ ላይ በብሎን ብቻ የታሰረ ብረት በጥቂት የመዶሻ ምት ይወድቃል። ተነቅሎ የሚነሳው ዓይነት በአርማታ የተቀበረ፣ ቋሚው የሚገባበት እጀታ ይፈልጋል። እየተሳበ የሚወጣው ዓይነት ደግሞ መላ ቁመቱ መሬት ውስጥ ስለሚደበቅ ጉድጓዱ ጠልቆ፣ ከሥሩ ውኃ የሚያሰርግ ጠጠር ይደረግበታል። ቶሮንቶ ላይ ጠጠሩን መተው ትልቅ ጥፋት ነው፤ በክረምት አፈሩ እስከ 1.2 ሜትር ጥልቀት ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ተቆጥሮ ነው የቤት መሠረት የሚወጣው። እጀታው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ በረዶ ከሆነ ቋሚው አይወጣም፣ ወጥቶ ከሆነም አይገባም፤ ባለቤቱ ጠዋት ሥራ መሄጃ ሰዓት ላይ የራሱ እስረኛ ይሆናል። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ተራ ብረትን ስለሚበላ የማይዝግ ብረት መምረጥ ያዋጣል። ስሌቱም መዘንጋት የለበትም። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያቆም 6 ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ላይ ሁለት ቋሚ ብቻ ቢተከል በየመሃሉ 1.9 ሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል፤ ሌቦች የሚወዱት ቶዮታ ራቭ ፎር መስታወቱን አጥፎ ያልፍበታል። ሦስት ያስፈልጋል። ጎኑ ክፍት ሣር ከሆነና መኪና ሊያልፍበት የሚችል ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ወይም ዛፍ ካልታከለበት ሦስቱም ከንቱ ናቸው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ቋሚው ስርቆትን ወደ ጎረቤት ያዛውራል ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ሞተር እንዳይነሳ የሚያግደው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በብሪታንያ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ሲሆን፣ ሌቦች መጀመሪያ ያደረጉት መሣሪያው ወደሌላቸው አሮጌ መኪኖች መዞር ነበር። ነገር ግን የተጠበቁት መኪኖች ሲበዙ መዞሪያው ጠበበ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት ከ500 ሺህ በላይ ይሰረቅ የነበረው መኪና ከሃያ ዓመት በኋላ ከ100 ሺህ በታች ወረደ። ለዚህ ውጤት ግን መሣሪያው ከፋብሪካ ወጥቶ ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል ማዳረስ ነበረበት። ቋሚውን የሚያስተክለው አቅም ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ጥሩ መከላከያ ነው፤ የአገር መፍትሔ ነው ብሎ የሚያቀርበው ባለሥልጣን ወይም የመኪና አምራች ካለ ግን ኃላፊነቱን ወደ ነዋሪው እየገፋ ነው። ቁልፉ ያለበትን ርቀት ከሞገዱ የጉዞ ጊዜ የሚለካ ቴክኖሎጂ ተሠርቶ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ከገባ ቆይቷል፤ ሁሉም ላይ ማስገባት የፋብሪካው ፈንታ ነው።

መኪናውን በጸጥታ መውሰድ ያቃተው ሌባ ቁልፍ ፍለጋ ቤት ሰብሮ ቢገባስ? ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ በቶሮንቶ አካባቢ ይህ ደርሷል። በ2024 መጀመሪያ አንድ የቶሮንቶ ፖሊስ ባልደረባ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሌባ ቤት እንዳይገባ ቁልፍን ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል የሚል ምክር ሰጥቶ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ፖሊስም ኋላ ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም ሌላ መንገድ እንዳለ አስታወቀ። የእኔ ሚዛን ወደ ቋሚው ያደላል። ገና ከመንገድ የሚታይ ብረት ሌባው ቤቱን ከመምረጡ በፊት ሁለት ቁልፍ እንደሚያስፈልገው ይነግረዋል። የቋሚው ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት መታሰር የለበትም። መሣሪያ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ከቆመ ግን ሁለቱንም መስጠት ነው፤ መኪናው ኢንሹራንስ አለው።

ለማስተከል የወሰኑ በኦንታሪዮ የሚኖሩ አንባቢዎች ሁለት ነገር ያስቀድሙ። የመግቢያው የመንገድ ጫፍ ብዙ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ስለሆነ ቋሚው በራስዎ ይዞታ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ከመቆፈርዎ በፊት ደግሞ ኦንታሪዮ ዋን ኮል ወደተባለው አገልግሎት ደውለው የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች የት እንዳሉ ያስመልክቱ። ይህን ሳያደርጉ መቆፈር ሕግ መጣስ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ለቤት ባለቤቶች በነጻ ነው።